ቅዳሜ እሳት የማይነካበት ቤት

ወንድሜ እንደፈለገው እንዲቀበር አንድ ሰው አንድ ነገር መናገር ነበረበት። ያ ሰው እናታችን ናት። ነገሩም ረጅም አይደለም። "እናቴ ቤተ እስራኤል ነበረች" ማለት ብቻ ነው። ትንፋሽ እንኳ አይጨርስም።

ወንድሜ ራፐር ነበር። እንዲህ ስል የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። ታዋቂ አልነበረም። አሌክሳንድሪያ ከእናቴና ከእኔ ጋር ይኖር ነበር። በመኪናው ምግብ እያደረሰ ይሠራ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄድና አንድ ባር ጓሮ ባለው ክፍል ውስጥ ማይክ ይጨብጥ ነበር። እዚያ የሚመጣው ሰው አብዛኛው የራሱን ተራ የሚጠብቅ ራፐር ስለሆነ የሚያዳምጥ የለም። ወንድሜ ሲወጣ ግን ያዳምጡት ነበር። የሚሰድቡበት ነገር ስለማያጡ ነው። ይሁዲ ነኝ ይል ነበርና።

የእናቴ እናት ጎንደር አካባቢ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤተ እስራኤል ነበሩ እነሱ። ጎረቤቱ ፈላሻ ይላቸዋል፤ ሲብስበት ቡዳ ይላቸዋል፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ለማለት። አያቴ ክርስቲያን አገባች፣ ተጠመቀች፣ ስሟም ተለወጠ። እናቴ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ክርስትና ተነሳች፣ ማተብ አሰረች፣ እኛንም አሰረችን። አባታችን ከሞተ በኋላ ዲቪ ደርሷት ሁለታችንን ይዛ አሜሪካ መጣች። እዚህ የአያቴን ሸክላ ያየ ሰው የለም። እናቴ ተመችቷት ነበር።

ይህን ሁሉ ለእኛ ነግራን አታውቅም። ለወንድሜ የነገረው አገር ቤት ያለው የአባቴ ወንድም ነው። ስለ አንድ የቤት ጉዳይ በስልክ ተጣሉና "የቡዳ የልጅ ልጅ" አለው። ሊሰድበው ብሎ ነው። ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ እያየ "እንዴ፣ ቅዳሜ!" አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። በእኛ ቤት ቅዳሜ ስቶቭ አይበራም። እናቴ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ናት፤ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ዳቦውን ትጋግራለች፣ ወጡን ትሠራለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉን ትጨርሳለች። ቅዳሜ የምንበላው ቀዝቃዛ ነው። ለምን ስንላት ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ቡና እንኳ አታፈላም። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቀዳሚት ሰንበትን ማን ሻረው ትልና ለስላሳ ታቀርባለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሌሎቹ እናቶች ቅዳሜንም ያከብራሉ፣ ሻይ ግን ያፈላሉ። ይህን እኔ አስተውዬው አላውቅም ነበር። የሰው ቤት ሁሉ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልጻፈም ማለት ይቻላል። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን መሃል መሃል ላይ አማርኛ ይጥልበታል። አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦

ቅዳሜ በእናቴ ቤት እሳት አይነካም፣
ጠይቋት፣ ጉልበቴን ነው ትላችኋለች፣
ጉልበቷ ግን ዓርብ ዕለት አያማትም።

ቢቱን፣ የዘፈኑን ምት፣ የሠራለት ጓደኛው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ነጭ ይሁዲ ነው፤ ራሱም ራፐር ነው። የሚቀዱት እናቱ ቤት ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። ማሽኑ እስኪያቆም ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀዳሉ። ይህ ልጅ ራፕ ሲያደርግ ስለ አያቱ ጭቅጭቅ ይላል፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ምኩራብ ውስጥ ቆሞ ኦሪት ስላነበበበት ቀን ይላል፣ ያን ቀን ስለለበሰው ሰፊ ሱፍ ይላል። ሰው ይስቅለታል። አብሮት ይስቃል ማለቴ ነው። አንድም ሰው "በእርግጥ ይሁዲ ነህ?" ብሎት አያውቅም።

ወንድሜ ሲወጣ ሌላ ነው። ባሩ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው በግጥም የሚሰዳደቡበት ውድድር አለ፣ ባትል ይሉታል። አንድ ልጅ የወንድሜን አንገት እያየ፣ እዚያ ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበት የብር ሰንሰለት ነበር፣ አንተ ይሁዲ ከሆንክ እኔ የኖርዌይ ንጉሥ ነኝ አለው። ቤቱ ሳቀ። ቀጠለና ምግቡን አስቀምጠህ ሂድ፣ ጉርሻህን በስልኬ እልክልሃለሁ አለው። ወንድሜ ምግብ አድራሽ መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህኛው የበለጠ አሳቃቸው። ጥቁሮቹም ነጮቹም ሳቁ። ወንድሜ መልሶ ጥሩ ነገር ተናግሯል፣ ግን ሳቁ ገና ስላላለቀ ማንም አልሰማውም።

ይሁዲዎቹ ደግሞ፣ እንዴት ልበል፣ አልሰደቡትም። ጓደኛው አንድ ጊዜ ክረምት ላይ በሚያከብሩት የመብራት በዓል አዳራሻቸው ውስጥ እንዲዘፍን ወሰደው። እኔም ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ጠባቂው ለወንድሜ ምግብ የሚገባው በወጥ ቤት በኩል ነው አለው። ወንድሜ በእጁ የያዘው ማይክ ነበር። ከዘፈነ በኋላ አንዲት ደግ ሴትዮ መጥተው ጉንጩን እየዳሰሱ መቼ ነው ወደ ሃይማኖታችን የገባኸው ብለው ጠየቁት። ከእርስዎ ቀደም ብዬ ነው አላቸው። ሳቁና ለባላቸው ነገሩ። ባላቸውም ሳቁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጓደኛው ይቅርታ ሲጠይቀው ወንድሜ "አንተን አይተው ያምናሉ" አለው። "እኔን ለማመን እናቴን መጠየቅ አለባቸው። እናቴ ደግሞ ጉልበቴን ነው የምትለው።"

የአንገቱን ነገር አንስቼ ነበር። እዚያ ላይ ድሮ ማተብ ነበር። እናቴ ክርስትና ሲነሳ ያሰረችለት ጥቁር ክር፣ ሲያልቅ እየቀየረች፣ እስከ ትልቅነቱ። ለዚያ የቅዳሜ ዘፈን ቪዲዮ ሲቀርጹ ካሜራ ፊት በመቀስ ቆረጠው። ቆርጦ መሬት ላይ ጣለውና ሰንሰለቱን አጠለቀ። ጎበዝ ብለው የጻፉለት ነበሩ። የእኛ ሰዎች ግን ኢንተርኔት ላይ ያዩት ግጥሙን ሳይሆን ክሩን ነው። ከክሩ በኋላ ነው ግጥሙን የሰሙት። ከግጥሙ በኋላ እናቴን አስታወሱ።

ከእኛ ታች ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ ትኖራለች። ስንመጣ አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ ለእናቴ ያሳየቻት፣ ሆቴሉም ያስገባቻት እሷ ናት። ቪዲዮው በወጣ በሳምንቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ እናቴ የሴትዮዋን የልጅ ልጅ ልትስም ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ ነጠላዋን በሕፃኑ ፊት ላይ ጣለች። ብርድ ነው አለች። ሐምሌ ነበር።

ሆቴል ውስጥ ምሳ አብረዋት የሚበሉት ሴቶች ሰዓታቸው ተቀየረ። አንዷ የእናቴን ወጥ ቀምሳ ነበርና ጸበል ሄደች ተባለ። እናቴ ይህን ለወንድሜ የነገረችው ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል ነው። ጎንደር ጥዬው የመጣሁትን ስም አንተ ሻንጣህ ውስጥ ከተህ አመጣህልኝ አለችው። ወንድሜ በማያሳፍር ነገር ለምን ታፍሪያለሽ ብሎ ጮኸባት። እሷም አንተ ሳታፍር ትዘፍናለህ፣ አንተ ስትዘፍን እኔ እራባለሁ አለችው። ብቻዬን እበላለሁ ማለቷ ነው። ለእሷ ብቻን መብላትና መራብ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ወንድሜ ከዚህም ከባድ ነገር ጠየቃት። ጓደኛው የሚሄድበት ምኩራብ ረቢ ጥሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ከእነሱ እንዲቆጠር ፈለገ። እሳቸውም በእኛ ሕግ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፣ ስለዚህ እናትህ ስለ እናታቸው ይንገሩኝ፣ ሌላ ወረቀት አልፈልግም አሉት። የአባቴ ወንድም ተጠይቆ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም ብሎ ካደ። እናቴ ብቻ ቀረች። እናቴ እምቢ አለች። ወንድሜ ለመናት፣ ሰደባት፣ እንደገና ለመናት። እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች ጉልበቴን አትነዝንዘኝ አለችው። ስለ ጉልበት የተነሳ ምንም ነገር አልነበረም።

በኋላ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ የልብስ ማሽኑ እስኪያቆም ስንጠብቅ፣ ወንድሜ ብሞት እዚህ እናንተ ጋ ቅበሩኝ አለ፣ ለጓደኛው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ማተብ አስረው ቢቀብሩኝ ተነስቼ ነው የምፈታው፣ ንገራት" አለኝ። ሳቅን። ማሽኑ ቆመ፣ እነሱም መቅዳት ጀመሩ።

የሞተው እሑድ ነው፣ ወደ ባሩ ሲሄድ። ቀለበት መንገዱ ላይ ጎማው ፈንድቶ ዳር አቁሞ ወረደ። አንድ መኪና መታው። ነጂው ስልክ እያየ ነበር አሉ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የእኛ ለቅሶ የሚጀምረው ገና ሳይቀበር ነው። ሶፋው ወጣ፣ የኪራይ ወንበር ገባ፣ ውኃ በካርቶን ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። ሁሉን ያስተባበረችው የታች ፎቋ ሴትዮ ናት። ወጡን አሠራች፣ ሰሃን አመጣች፣ እናቴን ጎኗ አስቀምጣ ደግፋ ያዘቻት። በዚያው አፏ ደግሞ አጠገቧ ላሉት ሴቶች ክሩን ከቆረጠ ወዲህ ጠባቂ አልነበረውም ትል ነበር፣ እናቴ እየሰማች። እናቴ ትከሻዋ ላይ አልቅሳለች።

ጓደኛው ሰኞ በጠዋት ደወለልኝ። እነሱ ቶሎ ነው የሚቀብሩት፣ ሬሳ አያሳድሩም። ረቢው እናትህ ያችን ቃል ብቻ ይበሉ፣ ዛሬም ቢሉ ቦታ አለ፣ ሁሉን እናደርጋለን ብለዋል አለኝ። ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓደኛውና ረቢው ራሳቸው አሌክሳንድሪያ መጡ።

ጓደኛው ገባና እናቴ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምንም አላለም። የእኛ ሰው ለቅሶ ሲገባ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ቢያንስ አንገቱን ይደፋል። እሱ ዓይኗን እያየ ዝም አለ። ረቢውም አጠገቡ ዝም አሉ። እናቴ ጠበቀች። እነሱም ጠበቁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እነሱን ማየት ጀመረ።

"ምን ሊል ነው የመጣው ይሄ ፈረንጅ?" አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። "አፍ የለውም?"

ከወንዶቹ አንዱ ጥፋት ያለበት ሰው እንዲህ ነው አለ። ሌላው ልጁን ያበላሸው እሱ እኮ ነው አለ። ጓደኛው አማርኛ አይሰማም፣ ግን ስለ እሱ እንደሆነ ገብቶታል፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ተነስቼ አጠገቡ ሄጄ አንድ ነገር በል እንጂ አልኩት በእንግሊዝኛ። አይቻልም አለኝ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛው ሳይናገር እንግዳ አይናገርም፣ እናትህን ነው የምጠብቀው። ይህን ለእናቴ ልነግራት ዞር ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝና ይሂድልን እባክህ፣ ደሟን እያፈላው ነው አለችኝ። እናቴ ደሟ አልፈላም ነበር። ሰው ዝም ብሎ አብሯት ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው፣ እያየችው ነበር።

ረቢው በመጨረሻ ለብቻቸው ሊያናግሯት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ለብቻ የሚባል ቦታ አልነበረም። መኝታ ቤቱ በኮትና በሴቶች ተሞልቷል፣ ኮሪደሩ በውኃ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ ሐዘንተኛ ይዞ በር መዝጋት ነውር ነው፤ ምን ሸረቡ ይባላል። ለእናቴ ስነግራት እዚሁ ይናገሩ አለች። እዚሁ ተናገሩ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መሃላቸው ለመሆን ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ነበር።

እሳቸው በጣም ቀስ ብለው ልጅዎን አውቀው ነበር፣ የተከበረ ልጅ ነበር አሉ። ከእኛ ጋር መቀበር ይፈልግ ነበር። እኔ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትዎ ከቤተ እስራኤል ነበሩ?

"ቤተ እስራኤል" የሚለውን ለመተርጎም አላስፈለገኝም። ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። ሰሃን የምታጥበው ልጅ እንኳ ውኃውን ዘጋች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "እናቴ ተጠምቃ ነው የሞተችው" አለች። "ንገራቸው።"

ነገርኳቸው። ረቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጠመቃቸው በፊትስ ምን ነበሩ? አሉ።

ይህንንም ወደ አማርኛ መለስኩላት። ፊቷን እያየሁ ነው የመለስኩት። እሺ በይ በሚል ነው የማያት፣ እሷ ግን እኔን አይደለም የምታየው፣ ሴትዮዋን ነው። ሴትዮዋ እጇን እናቴ ጉልበት ላይ አድርጋ ነበር። ያ ጉልበት ላይ።

"ከዚያ በፊትማ ሕፃን ነበረች በላቸው" አለች እናቴ።

በነጠላ ተሸፍኖ የሳቀ ሰው ነበር። ሴትዮዋ እሰይ እንደ ማለት ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። እኔ ቃሉን እንዳለ ተረጎምኩ። ረቢው የገባቸው ይመስለኛል፤ ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከሩና ተዉት። እኔ ስለ ዓርቡ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ቅዳሜው በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች እየሰሙኝ። አምንሃለሁ አሉኝ። ግን የምታውቀው ሁሉ የእሳቸው ነው፣ እሳቸው አይደለም እያሉ እኔ ከእናት ልጅ ነጥቄ አልቀብርም። ጓደኛው ያን ጊዜ ተነስቶ ታዲያ ይሁዲ አይደለም ማለት ነው? አለ። እንደዚያ አላልኩም፣ ልቀብረው አልችልም ነው ያልኩት አሉት።

ሲወጡ ሴትዮዋ፣ ውኃ ተሰጥቷቸው እንኳ አልቀመሱም ብላ ካርቶኑን በእግሯ ገፋችው።

ረቡዕ ሲልቨር ስፕሪንግ አስከሬን ቤት ሄድን። ሳጥኑ ክፍት ነበር። ጥሩ ሠርተውታል፤ የተመታው ጎን አይታይም ነበር። ከመሰናበቻው በፊት ቤተሰብ ብቻ ይግባ ተባለና እናቴና እኔ ገባን። ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ነበር፣ ጓደኛው ለሠራተኞቹ ነግሯቸው ኖሮ። እናቴ ከጡቷ መሃል ጥቁር ክር አወጣች። ሰንሰለቱን እኔ እንድፈታው ጠየቀችኝ፣ ጥፍሯ አልያዘላትም ነበር። አልፈታም አልኳት። ሠራተኛውን ጠራችና በእጇ አሳየችው። ፈታው፣ በፕላስቲክ ከረጢት ከቶ ለእኔ ሰጠኝ።

ክሩን ስታስር ማተብ አስረው ቢቀብሩኝ ተነስቼ እፈታዋለሁ ብሏል አልኳት።

እጇ ቆመ። ፊቱን አየችው።

"ይነሳና ይፍታው" አለች።

ጠበቀች። እውነቴን ነው፣ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ቋጠሮውን አጠበቀችው፣ ሁለተኛም ደገመችበት፣ ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው።

ሐሙስ ቀበርነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ። ነፋስ ነበር። ከሳጥኑ በላይ የተያዘው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ጫፉ ላይ በወርቅ ክር ኮከብ ተጠልፎበታል፣ የዳዊት ኮከብ፣ ዙሪያውን በሙሉ። በየክብረ በዓሉ ያየሁት ነው፣ ልብ ብዬ ግን አይቼው አላውቅም። ከወንድሜ አንገት ላይ የወረደው ኪሴ ውስጥ ነው። መዘምራኑ ስለ እስራኤልና ስለ ጽዮን ይዘምራሉ። ሴትዮዋ ያ መዝሙር ያስለቅሳታል፣ አለቀሰች።

ጓደኛው ከዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። አፈር ማልበስ ሲጀመር መጣና አካፋ ተቀበለ። ገልብጦ በአካፋው ጀርባ አፈር ያነሳል። በጀርባ ጥቂት ነው የሚነሳው፣ ይፈሳል፣ እንደገና ያነሳል። ልጁ አካፋ እንኳ አያውቅም ብለው ሳቁበት። አንዱ ቀማውና እንዲህ ነው ብሎ አሳየው። በኋላ ነው የነገረኝ፤ እነሱ ወዳጅን ሲቀብሩ አካፋውን የሚገለብጡት ለመቅበር እንደማይቸኩሉ ለማሳየት ነው። ለሙታን የሚሉት ጸሎትም ነበራቸው። ለምን አላልከውም ስለው አሥር ይሁዲ ካልቆመ አይባልም አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ነበር። አሥር አልነበረም።

ሐሙስ ሲቀበር ሰልስቱ ቅዳሜ ይውላል። በሦስተኛው ቀን ሰው ተሰብስቦ ነው የሚያስተዛዝነው፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይመጣሉ። ሴትዮዋ ምግቡን ሁሉ ዓርብ አሠርታ ነበር። ለምን ዓርብ እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም፤ ለሰው ግን እዚህ ቤት ቅዳሜ ምን እንደሚሆን አይታወቅም እያለች ነበር። ዘፈኑን በቃሏ ታውቀዋለች። ሁሉም ያውቁታል። የወንድሜን ግጥም በቃሉ የያዘ ሰው ያን ያህል መኖሩን እሱ ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ሐዘንተኛ አይነሳም፣ ተቀመጪ አሏት። ጥሩ ነኝ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። እዚያ የቆሙት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። ማንቆርቆሪያውን ሞላች፣ ስቶቩ ላይ ጣደች። እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች።

የእኛ ስቶቭ የኤሌክትሪክ ነው። ሲከፈት ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ክቡ ብረት ቀስ እያለ ይቀላል። ቅዳሜ ቀልቶ አይቼው አላውቅም ነበር። አንዱን ከፈተች። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈተች፣ ምንም ሳትጥድበት። ከዚያ የቀሩትንም። ሁሉም ቀሉ።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

"ዛሬስ ጉልበትሽ ተሽሎሻል፣ እህቴ" አለቻት።

"ተሽሎኛል፣ እትዬ" አለች እናቴ።

ሻዩን ራሷ ቀዳች። እኔ ላዙር ብላት አልሰጠችኝም። መጀመሪያ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ቆማ ጠበቀቻት። ሴትዮዋ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዛ አየችው። ወደ ሌሎቹም አየች። ከእናቴ እጅ መቅመስ የተዉት ሁሉ እሷን ነው የሚያዩት።

"ጠጪ እንጂ" አለቻት እናቴ፣ ድሮ አንቺ ብላት አታውቅም። "ትኩስ ነው።"

ሴትዮዋ ጠጣች። ሁሉም ጠጡ። ቤቱ እንደገና ወሬ ጀመረ፤ አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን አምጥታ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። እናቴ ሳመችው። ፊቱን ማንም አልሸፈነም።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ስቶቩ እንደቀላ ነው፣ ላዩ ላይ ምንም የለም፣ ቤቱ ይግላል። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እናቴ ሕፃኑን እንደታቀፈች በሩ ላይ መጥታለች።

"ተወው" አለችኝ። "ይንደድ።"